የአይሁድ አሻራ በጥንቱና በመካከለኛው ዘመን የክርስትና ድርሰትና ሥዕል

ሮም ከተማ ውስጥ «ቅዱስ ጴጥሮስ ዘሰንሰለት» ልንለው በምንችለው ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የማይክል አንጄሎን የሙሴ ሐውልት በአካልም ሆነ በፎቶግራፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ነቢዩ ከግንባሩ በላይ ሁለት ቀንዶች አሉት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው፤ ቅዱስ ጄሮም (ሄሮኒሞስ) መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ሲመልስ ተሳሳተ፣ ቀራጺውም ስሕተቱን ተከተለ የሚል ነው። ነገሩ ግን በዚህ የሚዘጋ አይደለም።

ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ የፊቱ ቆዳ የነበረውን ሁኔታ ለመግለጽ ኦሪት ዘጸአት የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ግስ «ቃራን» ነው። «ቄሬን» ደግሞ ቀንድ ማለት ነው። ግእዝ የሚያውቅ አንባቢ «ቀርን» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል። ጥንታዊው የግሪክኛ ትርጉም ቃሉን «ከበረ» ብሎ ፈታው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አይሁድ እምነት የገባው ተርጓሚ አቂላ ግን ከሥሩ ላለመራቅ ብሎ ቀንድን የሚያመለክት ቃል መረጠ። ጄሮም የተከተለው አቂላን ነው። ከጄሮም 700 ዓመት ያህል በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ትሯ በምትባል ከተማ የኖረው ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ራሺም ይህንኑ ቦታ ሲያብራራ ቃሉ ከቀንድ የመጣ መሆኑን፣ ምክንያቱም ብርሃን እንደ ቀንድ ጎልቶ ወደ ውጭ ስለሚወጣ እንደሆነ ጽፏል። እንግዲህ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ ብራናዎች ላይ ብቅ ያለው፣ በኋላም በማይክል አንጄሎ እጅ እብነ በረድ የለበሰው ባለ ቀንዱ ሙሴ የድንቁርና ውጤት አይደለም። አንድ ክርስቲያን ሊቅ የአይሁድን አነባበብ አምኖ በመቀበሉ የተገኘ ነው።

«ክርስትና ከአይሁድ የወሰደው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ «ብሉይ ኪዳንን» የሚል ነው። እንዲህ ሲባል ነገሩ ውርሱ ተጣርቶ የተዘጋ መዝገብ ይመስላል። አውራሹ ሞተ፣ ወራሹ ተረከበ፣ አለቀ። ታሪኩ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። አውራሽ የተባለው ወገን አልሞተም፤ ጎረቤት ሆኖ ይኖር ነበር። ክርስቲያን ጸሐፊዎችና ሠዓልያንም ከሺህ ዓመት በላይ በሩን ሲያንኳኩ ኖረዋል። የአይሁድ መጻሕፍት በአደባባይ በተቃጠሉበት ዘመን እንኳ ማንኳኳቱ አልተቋረጠም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አደራ ተቀባዮች

መነሻው እስክንድርያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ በበጥሊሞሳውያን ነገሥታት ዘመን፣ ግሪክኛ ተናጋሪ የነበሩት አይሁድ ኦሪታቸውን ወደ ግሪክኛ መለሱ። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ «ሰባ ሊቃናት» በሚል ስም የሚታወቀው ትርጉም ይህ ነው። የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ብሉይን በአብዛኛው የጠቀሱት ከዚሁ ሲሆን፣ የግእዙ ብሉይ ኪዳንም የተተረጎመው ከዚሁ ግሪክኛ ነው። የጉዞው አንድ ትንሽ ማስረጃ በአፋችን ላይ አለ። አብርሃም በይስሐቅ ፋንታ የሠዋው በግ የተያዘበትን ተክል «ዕፀ ሳቤቅ» እንለዋለን። «ሳቤቅ» የአንድ ልዩ ዛፍ ስም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቃሉ ግን በዕብራይስጥ ጥሻ ወይም የተጠላለፈ ቁጥቋጦ ማለት ነው። የእስክንድርያ ተርጓሚዎች ሳይፈቱት እንዳለ ተዉት፤ ግእዙ ከግሪክኛው፣ አማርኛውም ከግእዙ ተቀበለው።

ከዚያው ከተማ ፊሎን የተባለ አይሁዳዊ ፈላስፋ ወጣ። ፊሎን የክርስቶስና የሐዋርያት ዘመን ሰው ሲሆን፣ የእስክንድርያ አይሁድ በደረሰባቸው ጥቃት አቤቱታ ለማቅረብ ወደ ቄሣር ካሊጉላ የተላከውን ቡድን የመራ ነው። ኦሪትን በምሳሌ እየፈታ ከግሪክ ፍልስፍና ጋር ያስታረቀው እርሱ ነው። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስና አርጌንስ ዘዴውን ወሰዱ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ደግሞ ስሙን እምብዛም ሳይጠራ ሐሳቡን ገጽ በገጽ ወደ ራሱ ድርሰት አሻገረ። ጄሮም ስለ ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ባዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ክርስቲያን ያልነበረውን ፊሎንን አስገብቶታል። አይሁድ ራሳቸው ግን ረሱት፤ እንደገና በቁም ነገር ያነበቡት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እስከዚያ ድረስ መጻሕፍቱን እየገለበጡ ያቆዩት ክርስቲያን ጸሐፍት ናቸው። የኢየሩሳሌምን ጥፋት በዓይኑ አይቶ የጻፈው ዮሴፍ (ጆሲፈስ) ዕጣም ተመሳሳይ ነው።

በሕግ አነጋገር ክርስቲያኖቹ በዚህ ረገድ አደራ ተቀባዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ከአደራዎቹ ሁሉ አስደናቂው ደግሞ በእኛው አገር የተጠበቀው ነው። መጽሐፈ ሔኖክ በይሁዳ መልእክት ውስጥ የተጠቀሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ሰፊ ተሰሚነት የነበረው መጽሐፍ ነው። በኋላ ግን በላቲኑም በግሪኩም ዓለም ከአገልግሎት ወጣ፤ ከጥቂት ቁርጥራጮች በቀር ጠፋ። ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ በ1773 አውሮፓ ሲገባ የዚያ አገር ሊቃውንት ሞተ ያሉትን መጽሐፍ በሕይወት አገኙት። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው በግእዝ ነው።

ሁለቱም የአይሁድ ድርሰቶች መሆናቸው በምሁራን ዘንድ አስቀድሞ ይታመን የነበረ ቢሆንም የማያወላውል ማስረጃ የመጣው ከሙት ባሕር ዳርቻ ከቁምራን ዋሻዎች ነው። በ1952 ከተገኘው አራተኛው ዋሻ የወጡ የሔኖክ ቁርጥራጮች የተጻፉት በአራማይክ ሲሆን፣ ፖላንዳዊው ሊቅ ሚሊክ በ1976 አሳትሟቸዋል። የኩፋሌ ቁርጥራጮች ደግሞ በዕብራይስጥ ናቸው። አንዳንድ ወገኖቻችን «ሔኖክ የእኛ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። መጠበቁ የእኛ ነው፤ ክብሩም ትልቅ ነው። ይዞታና ደራሲነት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሁለተኛውን ባለቤት በስሙ መጥራት የመጀመሪያውን ክብር አይቀንስም።

የበለጠ የተጠላለፈ መንገድ የተጓዘ መጽሐፍም አለን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአንዱ የሰማንያ አንዱ መጻሕፍት አቆጣጠር ስሙ የሚጠራውን «ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን»ን ወይም «ዜና አይሁድ»ን ልብ ይሏል። ከላይ የጠቀስነው አይሁዳዊው ዮሴፍ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ ጻፈ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ክርስቲያን ጸሐፊ በላቲን እንደገና አዘጋጀው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ኢጣልያ የኖረ ስሙ ያልታወቀ አይሁዳዊ ያንን የክርስቲያን ላቲን ይዞ፣ ሌላም ጨምሮበት፣ በጥሩ ዕብራይስጥ «ዮሲፖን» የተባለውን መጽሐፍ ደረሰ። ይህ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ ዐረብኛውን የግብፅ ክርስቲያኖች ወደዱት፤ ከዚያም በ1300 ገደማ ወደ ግእዝ እንደተተረጎመ ይገመታል። የግእዙን ጽሑፍ በ1930ዎቹ መጨረሻ አርሞ ያሳተመው በአገራችን የትምህርት ታሪክም ስሙ የሚነሣው ግብፃዊው ሊቅ ሙራድ ካሚል ነው። ከአይሁድ ወደ ክርስቲያን፣ ከክርስቲያን ወደ አይሁድ፣ ተመልሶ ወደ ክርስቲያን። የትኛው ወገን ከየትኛው እንደወሰደ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር የሚፈልግ ሰው በዚህ መጽሐፍ ላይ እርሳሱ ይሰበርበታል።

ጎረቤትን መጠየቅ

እስካሁን ያነሣነው ስለ መጻሕፍት ነው። ሌላው የብድሩ መንገድ ሰው ከሰው መገናኘት ነበር። አርጌንስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ሆኖ ብሉይ ኪዳንን በስድስት ዓምድ ጎን ለጎን አስጻፈ። ዕብራይስጡ፣ በግሪክ ፊደል የተጻፈ ዕብራይስጥ፣ ከዚያም አራት የግሪክኛ ትርጉሞች ነበሩበት። ይህን ሥራ ያለ አይሁድ መምህራን እርዳታ መሥራት የማይታሰብ ነው።

ጄሮም በ386 ቤተ ልሔም ከሰፈረ በኋላ ባራኒናስ የሚባል አይሁዳዊ ገንዘብ እየከፈለ አስተማሪ አድርጎ ይዞ ነበር። ሰውየው የወገኖቹን ቁጣ ፈርቶ የሚመጣው በሌሊት እንደነበር ጄሮም ራሱ ጽፏል። የክርስቲያኑም ወገን ቢሆን ከቁጣ ነጻ አልነበረም። ዛሬ ትሪፖሊ በምትባለው የሊቢያ ከተማ አንድ ጳጳስ በ403 ገደማ የጄሮምን አዲስ ትርጉም በጉባኤ ሲያስነብብ ሕዝቡ ሁከት አነሣ። ምክንያቱ በዮናስ ላይ ጥላ የሆነችው ተክል ነበረች። ሕዝቡ የለመደው «ቅል» የሚለውን ነበር፤ ጄሮም ግን ሐረግ ዓይነት ሌላ ተክል አድርጎ ተርጉሞታል። ጳጳሱ ምእመናኑን ላለማጣት ሲል የከተማዋን አይሁድ አስመጥቶ ጠየቀ። እነርሱም የቀድሞው ልክ ነው አሉ። ይህን ለጄሮም በደብዳቤ የነገረው አውግስጢኖስ ነው። ጄሮም በምላሹ የአይሁዱን ምስክርነት አልተቀበለም፤ ወይ ዕብራይስጥ አያውቁም ወይ ሆን ብለው ሊያላግጡ ነው ብሎ ተቆጣ። የእኛው አማርኛ እስከ ዛሬ «ቅል» ይላል። እኔን የሳበኝ ግን የተክሏ ዓይነት አይደለም። አንድ የክርስቲያን ጉባኤ በመጽሐፉ ቃል ሲከራከር ዳኛ አድርጎ የጠራው የሰፈሩን አይሁድ መሆኑ ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በ386 እና በ387፣ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ክርስቲያኖች በአይሁድ በዓል ወደ ምኩራብ እንዳይሄዱ በጠንካራ ቃላት ሰብኳል። ከገለጻቸው ነገሮች አንዱ የሕግ ሰው ትኩረት የሚስብ ነው። በንግድ ጉዳይ የተጣሉ ክርስቲያኖች በምኩራብ የሚፈጸም መሐላ የበለጠ ያስፈራል ብለው ለመማማል ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ተግሣጹ የበረታው ግንኙነቱ ስለበረታ ነው። የስብከቱ ቃላት በኋለኞቹ ዘመናት በአይሁድ ላይ ለደረሰው መከራ መጠቀሚያ መሆናቸውንም ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

ግድግዳው ሲናገር

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ ለረዥም ጊዜ ይታመን የነበረው «አይሁድ ሥዕል አይሥሉም፤ ስለዚህ ክርስቲያን ሠዓሊ ከእነርሱ የሚማረው የለም» የሚል ነበር። ይህን እምነት ያፈረሰው በ1932 ሶርያ ውስጥ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ዱራ ኤውሮጶስ በምትባል የፈረሰች ከተማ የተገኘው ምኩራብ ነው። ግድግዳዎቹ ከላይ እስከ ታች በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ተሥለዋል። ሙሴ ከወንዝ ሲወጣ፣ ባሕር ሲከፈል፣ ሕዝቅኤል በአጥንቶች ሸለቆ ውስጥ ሲቆም ይታያል። ሥራው በ244 እና 245 እንደተጠናቀቀ በራሱ በምኩራቡ ላይ የተገኘ ጽሑፍ ያስረዳል። ፋርሶች ከተማዋን በከበቡ ጊዜ ተከላካዮቹ የከተማዋን ቅጥር ለማጠናከር በአጠገቡ የነበሩትን ሕንፃዎች በአፈር ሞሏቸው። ከተማዋ በ256 ገደማ ወደቀች፤ አፈሩ ግን ቀለሙን አዳነ። በዚያው ቅጥር ሥር ከምኩራቡ ብዙም ሳይርቅ የክርስቲያኖች የጸሎት ቤት ነበረ፤ እርሱንም ያዳነው ያው አፈር ነው። የማጥመቂያው ክፍል ሥዕሎች እስካሁን ከተገኙት የክርስቲያን ሥዕሎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ይመደባሉ። የምኩራቡ ሥዕሎች ወደ ደማስቆ ብሔራዊ ሙዚየም ሲወሰዱ፣ የማጥመቂያው ቅሪት ወደ አሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ተወሰደ።

ከምኩራቡ ሥዕሎች አንዱ ኤልያስና የበኣል ነቢያት በቀርሜሎስ ተራራ ያደረጉትን ፉክክር ያሳያል። በበኣል መሠዊያ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ተደብቆ ቆሟል፤ እባብም ወደ እርሱ ይሄዳል። መጽሐፈ ነገሥትን ከዳር እስከ ዳር ቢያነቡ ይህን ሰው አያገኙትም። ሰውየው የሚገኘው በአይሁድ ትውፊት ነው። አኪኤል ይባላል፤ የበኣል ነቢያት እሳት ከሰማይ የወረደ እንዲመስል ከሥር እንዲለኩስ ደበቁት፣ እባብ ነድፎ ገደለው ይላል ትውፊቱ። ሠዓሊው የሣለው ንባቡን ብቻ ሳይሆን ትርጓሜውንም ጭምር ነው ማለት ነው። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ከወንጌሉ ጎን የድርሳኑንና የተአምሩን ታሪክ ሲያይ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ኩርት ቫይትዝማን የተባሉት የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ከዚህ ተነሥተው በሥዕል ያጌጡ የአይሁድ ብራናዎች ጥንት ነበሩ፣ የክርስቲያን ሠዓልያንም ከእነርሱ ቀዱ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት ገዝቶ ነበር። ችግሩ ከዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አንድም ብራና አለመገኘቱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የተጓዘውን ነገር በብራና ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። ታሪክ በአፍም ይጓዛል፤ በስብከት ይሰማል፤ ሠዓሊው የሰማውን ይሥላል።

ለዚህ የምወደው ማስረጃ የላሜሕ ታሪክ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላይ ላሜሕ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ ሲናገር ማንን እንደገደለ አይናገርም። የአይሁድ ሊቃውንት ክፍተቱን ሞሉት። ላሜሕ በስተርጅና ዐይኑ ታወረ፤ ልጁ ቱባልቃይን እየመራ ለአደን ይወስደው ነበር፤ ልጁ ከጥሻ ውስጥ ቀንድ አይቶ አውሬ ነው ሲለው ቀስቱን ወረወረ፤ የወደቀው ግን ቃየን ሆኖ ተገኘ። ቀንዱ እግዚአብሔር በቃየን ላይ ያደረገው ምልክት ነበር (ዛሬ ከቀንድ የምንወጣ አይመስልም)። ላሜሕም በድንጋጤ እጁን ሲያጨበጭብ መሪው ልጅ መካከል ገብቶ ሞተ። ቃየን በላሜሕ እጅ ሞተ የሚለውን ወግ ጄሮም ያውቀው ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቪሊጄልሞ የተባለው ቀራጺ በሰሜን ኢጣልያ በሞደና ካቴድራል ፊት ለፊት ላይ ዕውሩን ላሜሕ ቀስቱን ሲወረውር፣ ቃየንም ሲወድቅ አድርጎ ቀረጸው። በፈረንሳይ አገር በቬዝሌይ ቤተ ክርስቲያን አምድ ራስ ላይም ይኸው ታሪክ አለ። በእኛም አገር በግእዙ ገድለ አዳም ውስጥ ዕውሩ ላሜሕ ቃየንን ሲገድል፣ እጁንም አጨብጭቦ መሪውን ወጣት ሲመታ እናነባለን። በኢጣልያ ድንጋይና በኢትዮጵያ ብራና ላይ አንድ ወግ መገኘቱ ምንጩ ምን ያህል ሩቅ እንደፈሰሰ ያሳያል።

ዕውር የተባለችው

ስትራስቡርግ ካቴድራል በ1230 ገደማ የተቀረጹ ሁለት የሴት ሐውልቶች ነበሩት፤ ዛሬ ዋናዎቹ በሙዚየም፣ ቅጂዎቻቸው በቦታው ይገኛሉ። አንደኛዋ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዘውድ ደፍታ መስቀል ይዛለች። ሁለተኛዋ ምኩራብ ናት። ጦሯ ተሰባብሯል፣ የሕጉ ጽላት ከእጇ እየወደቀ ነው፣ ዐይኗም በጨርቅ ተሸፍኗል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ አይሁድ መጽሐፉን ይዘዋል፣ ማንበብ ግን አይችሉም።

ድንጋዩ ይህን ይበል እንጂ ሊቃውንቱ ያደርጉ የነበረው ሌላ ነው። የሲቶው ገዳም አለቃ እስጢፋኖስ ሃርዲንግ በ1109 የገዳሙን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያርም በቅጂዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ቢያስቸግረው ወደ አይሁድ ሊቃውንት ሄዶ ጠየቀ። እነርሱም መጻሕፍታቸውን ዘርግተው በአገሩ ቋንቋ አስረዱት። ፓሪስ በሚገኘው በቅዱስ ቪክቶር ገዳም የነበረው እንድርያስ ነቢያትን ሲያብራራ «ዕብራውያን እንዲህ ይላሉ» እያለ የራሺ ትምህርት ቤት ያስፋፋውን የንባቡን ቀጥተኛ ፍቺ ይመዘግብ ነበር። አንድ ክርስቲያን መነኩሴ ለኢሳይያስ ቃላት የአይሁዱን ፍቺ ሲያስቀድም የተቆጡት አልጠፉም፤ የገዛ ገዳሙ ባልደረባ ሪቻርድ ተቃውሞ ጽፎበታል።

ከዚያ የ1240 ችሎት መጣ። ኒኮላስ ዶኒን የተባለ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ ሰው በታልሙድ ላይ 35 ክሶች ለሮማው ጳጳስ ለግሪጎርዮስ ዘጠነኛ አቀረበ። ጳጳሱ መጻሕፍቱ ተይዘው እንዲመረመሩ ለነገሥታቱ ጻፉ፤ ትእዛዙን በቁም ነገር የፈጸመው የፈረንሳዩ ሉዊ ዘጠነኛ ብቻ ነው። አይሁድ በጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ምኩራብ ሳሉ መጻሕፍታቸው ተወሰዱ። በፓሪስ በንጉሡ እናት በብላንሽ ፊት ረቢ የሒኤል ለመጽሐፉ ተሟገተ። ተከሳሹ መጽሐፍ፣ ከሳሹ መጽሐፉን ጥሎ የወጣ ሰው፣ ዳኞቹም የከሳሹ ወገን ነበሩ። በሕግ ትምህርት ቤት «ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም» የተባልነውን እዚያ የሚያስታውስ አልነበረም። በ1242 ሃያ አራት ጋሪ ሙሉ የብራና መጻሕፍት ፓሪስ አደባባይ ላይ ተቃጠሉ። በኋላ ጳጳሱ ኢኖሰንት አራተኛ አይሁድ «ያለ ታልሙድ ኦሪታችንን መረዳት አንችልም» ያሉትን አቤቱታ ሰምተው በ1247 እንደገና እንዲታይ ቢያዙም፣ በ1248 ፍርዱ ጸና።

ከዳኞቹ አንዱ የፓሪሱ ጳጳስ ጊዮም ዶቨርኝ ነበሩ። እኒሁ ጳጳስ በጽሑፎቻቸው እጅግ ያከበሩት «አቪሰብሮን» የሚባል ፈላስፋ ነበር። መጽሐፉ «የሕይወት ምንጭ» በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ውስጥ ከዐረብኛ ወደ ላቲን የተተረጎመ ሲሆን፣ ጳጳሱ ደራሲው ክርስቲያን ይመስላቸው ነበር። በ1846 ሰሎሞን ሙንክ የተባለ ሊቅ ከፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ያገኛቸውን የዕብራይስጥ ጽሑፎች ሲያመሳክር አቪሰብሮን ሌላ ማንም ሳይሆን የእስፔኑ አይሁዳዊ ባለቅኔ ሰሎሞን ኢብን ጋቢሮል መሆኑን አረጋገጠ። ሰባት መቶ ዓመት ያህል አንድ አይሁዳዊ በክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙ ተለውጦ ተቀምጦ ነበር።

ቶማስ አኲናስ ግን ምንጩን አልደበቀም። የሙሴ ማይሞኒደስን «ለግራ የተጋቡ መሪ» በላቲን አንብቦ፣ ደራሲውን «ረቢ ሙሴ» እያለ በስሙ ይጠቅሰዋል። አንዳንዴ ይቃወመዋል፤ ስለ እግዚአብሔር ሊባል የሚቻለው ያልሆነውን ብቻ ነው የሚለውን የማይሞኒደስን አቋም አልተቀበለውም። የኦሪትን ሥርዓተ ሕግ ምክንያት ሲያብራራ ግን በሰፊው ይከተለዋል። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ለምን ተከለከለ ለሚለው ጥያቄ ከሰጣቸው መልሶች አንዱ አሕዛብ ለጣዖቶቻቸው በዓል እንዲህ ያደርጉ ነበር የሚል ነው፤ ይህም የማይሞኒደስ ሐሳብ ነው። ሕግን በምክንያቱ መመርመርን የለመደ አንባቢ ከሁለቱ መካከል የአስተሳሰብ ዝምድና ወዲያው ይታየዋል።

ከሁሉም የበለጠ የተበደረው ፍራንሲስካዊው ኒኮላስ ዘሊራ ነው። በ1322 እና በ1331 መካከል በጻፈው ግዙፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ውስጥ ራሺን ደጋግሞ በስም ይጠቅሳል። ማብራሪያው ከማንኛውም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ በፊት ለኅትመት የበቃ ሲሆን፣ ማርቲን ሉተርም አብዝቶ ተጠቅሞበታል። አይሁድ ከፈረንሳይ የተባረሩት በ1306 ነው፤ በ1315 ጥቂቶች ቢመለሱም ብዙ አልቆዩም። ኒኮላስ ስለ ራሺ ሲጽፍ የራሺ ልጆች በአገሩ የሉም ማለት ይቻላል። እርሱ ራሱም በሌላ ጽሑፉ አይሁድን በሃይማኖት ክርክር ይሞግት ነበር። ማክበርና ማሳደድ በአንድ ሰው ብዕር፣ በአንድ ከተማ ግድግዳ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር።

ብድሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልሄደ ዮሲፖን አሳይቶናል። በሥዕልም እንዲሁ ነው። በ1348 ባርሴሎና ውስጥ የተዘጋጀና ዛሬ ኮፐንሃገን የሚገኝ የማይሞኒደስ መጽሐፍ የዕብራይስጥ ቅጂ ጌጡ የተሠራው በፌሬር ባሳ የክርስቲያን ሠዓልያን ቤት ነው።

የአልባ መጽሐፍ ቅዱስ

ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ የምናይበት ሰነድ ከእስፔን የመጣ ነው። በሚያዝያ 1422 የካላትራቫ ባላባቶች ማኅበር አለቃ ዶን ሉዊስ ደ ጉዝማን ከቶሌዶ ለረቢ ሙሴ አራጌል ደብዳቤ ጻፈ። በአገሩ ቋንቋ በካስቲልኛ አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ ከነማብራሪያው እንዲተረጉምለት፣ ኒኮላስ ዘሊራ ያላያቸውን የቅርብ ጊዜ የአይሁድ ሊቃውንት ፍቺ እንዲያስገባለት፣ በሥዕልም እንዲያጌጥ ጠየቀ። ረቢው በአክብሮት፣ ግን በረዥሙ እምቢ አለ። የዕብራይስጡና የላቲኑ ንባብ ይለያያሉ፣ የእምነቱ ልዩነት ጠብ ያስነሣብኛል፣ ሥዕልም ሕጋችን ይከለክለናል አለ። ምልልሱ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተገልብጦ ስለሚገኝ ዛሬም ማንበብ ይቻላል። እንደ ውል ድርድር ሳነበው አንዱ ወገን እምቢ ለማለት ያለው ነጻነት እምብዛም እንደነበር ይታየኛል። መጨረሻ ላይ ተስማሙ። ሥዕሉን የቶሌዶ ክርስቲያን ሠዓልያን ይሥላሉ፣ ረቢው መመሪያ ይሰጣል፣ የክርስቲያኑን ትርጓሜ የሚያቀብልና ሥራውን የሚቆጣጠር አርያስ ደ ኤንሲናስ የተባለ ፍራንሲስካዊ ተመደበ። አራጌል የሁለቱን ወገን ፍቺ ጎን ለጎን አኑሮ ትርጉሙን በ1430 ጨረሰ።

ከ300 በላይ በሆኑት ሥዕሎች ውስጥ የረቢው ድምፅ ይሰማል። ቃየን አቤልን ሲገድል በድንጋይ አይመታውም፣ በዱላም አይደለም፤ እንደ እባብ አንገቱን ነክሶ ይታያል። ይህ የመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚያው በካስቲል ከታየው «ዞሃር» ከተባለው የአይሁድ የምሥጢር መጽሐፍ ነው። ክርስቲያኑ ሠዓሊ ብሩሹን አንሥቶ የሣለው ረቢው የነገረውን ነው።

በ1492 አይሁድ ከእስፔን በአዋጅ ተባረሩ። መጽሐፉ ቀረ፤ በማድሪድ የአልባ መሳፍንት ቤተሰብ ንብረት ሆኖ ይገኛል። አዋጁ 500 ዓመት በሞላው በ1992 አምሳያው ታትሞ ወጥቷል። በመክፈቻው ትልቅ ሥዕል ላይ ዶን ሉዊስ በዙፋን ተቀምጧል። ረቢ አራጌል ተንበርክኮ መጽሐፉን ያቀርብለታል፤ ልብሱ ላይ በዘመኑ አይሁድ እንዲለዩበት በሕግ የተገደዱት ቀይ ምልክት ተሥሏል።